ቱሪስቱ በቁጥር፣ ሕፃኑ በስም፦ የአካባቢ አስተዳደር በሕፃናት ጥበቃና በዘላቂ ቱሪዝም ልማት ያለው ድርሻ

ወደ ላሊበላ ከተማ የሚገባ የውጭ አገር እንግዳ ብዙ ጊዜ ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ አስቀድሞ የሚያገኘው ሕፃናትን ነው። ከመኪናው ወርዶ ጥቂት ሳይራመድ የአሥር ወይም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አጠገቡ ይደርሳል። ከየት እንደመጣ ይጠይቀዋል፤ የአገሩን ዋና ከተማ ስም ይነግረዋል፤ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ ወይም በጣሊያንኛ ሰላምታ ያቀርብለታል። እንግዳው በልጁ ቅልጥፍና ይደነቃል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጥያቄው ይከተላል፦ ኳስ፣ ጫማ፣ ደብተር፣ መዝገበ ቃላት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ «የሚያስተምረኝ ሰው»።

ትዕይንቱ የላሊበላ ብቻ አይደለም። በጎንደር በፋሲል ግቢ ዙሪያ፣ በባሕር ዳር የጣና ገዳማት ጀልባዎች በሚነሡበት ዳርቻ፣ ከደባርቅ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሚወስደው መንገድ ላይ የእጅ ሥራ ይዘው መኪና የሚጠብቁ እረኞች ዘንድ፣ መልኩን እየቀያየረ ይታያል። በተለመደው የቱሪዝም ሪፖርት የጎብኚው ቁጥር፣ የቆየበት ሌሊትና ያስገኘው ገቢ ይሰፍራል። ያ ልጅ በዚያ ሰዓት ከክፍሉ ውጭ ምን ይሠራ እንደነበር ግን የሪፖርቱ ቅጽ አይጠይቅም።

ይህ ጽሑፍ በቱሪስት መዳረሻዎች የሚኖሩ ሕፃናት የሚገጥማቸውን አደጋ፣ የሚጠብቋቸውን ሕጎች፣ በተለይም የከተማ አስተዳደር፣ የወረዳና የቀበሌ መዋቅሮች ያለባቸውን ኃላፊነት ያብራራል።

ቃላቱ ምን ማለት ናቸው?

«ዘላቂ ቱሪዝም» የሚባለው የዛሬውን ጎብኚና የአስተናጋጁን ማኅበረሰብ ፍላጎት እያሟላ፣ የነገውን ትውልድ ሀብት የማያጠፋ የቱሪዝም አሠራር ነው። በአገራችን ቃሉ ሲነሣ ወዲያው የሚታሰበው የድንጋዩ መሰንጠቅ፣ የደኑ መመናመን፣ የዋልያው ቁጥር መቀነስ ነው። ይህ ተገቢ ሥጋት ነው፤ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ባሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ሰፍሮ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። ይሁን እንጂ ማኅበራዊው ጎን ከአካባቢ ጥበቃው እኩል የትርጉሙ አካል ነው። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ያጸደቀው የቱሪዝም ሥነ ምግባር ደንብ፣ ሰውን መበዝበዝ፣ በተለይም ሕፃናትን በወሲብ መበዝበዝ፣ ከቱሪዝም መሠረታዊ ዓላማ ጋር እንደሚጋጭ በግልጽ አስፍሯል። ከተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች ስምንተኛው የሕፃናት የጉልበት ብዝበዛን ማስወገድንና ዘላቂ ቱሪዝምን ማስፋፋትን በአንድ ግብ ሥር አስቀምጧቸዋል።

«ሕፃን» በሕግ ቋንቋ ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላው ሰው ሁሉ ነው። በዕለት ንግግራችን የአሥራ ስድስት ዓመቷን የሆቴል ሠራተኛ «ሕፃን» ብለን ስለማንጠራ ብዙ ጥፋት በዚህ የቃል ልዩነት ውስጥ ተሸፍኖ ያልፋል። «የሕፃናት ጥበቃ» ደግሞ ልጅን ከጥቃት፣ ከብዝበዛና ከቸልታ የመከላከል፣ ጉዳት ሲደርስም ምላሽ የመስጠት ሥራ ነው። ከዕርዳታ ይለያል። ለልጅ ጫማ መግዛት ዕርዳታ ነው፤ ጫማውን የገዛው ሰው ልጁን ለብቻው ወደ ማረፊያ ክፍሉ እንዳይወስደው የሚያደርግ ሥርዓት መዘርጋት ጥበቃ ነው።

ሕጉ የት ድረስ ይደርሳል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ለሕፃናት የተለየ ድንጋጌ አለው። ሕፃናት ከጉልበት ብዝበዛ እንዲጠበቁ፣ ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውንና ደኅንነታቸውን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠሩ፣ እነርሱን በሚመለከት ማናቸውም እርምጃ ሲወሰድም ደኅንነታቸው በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1991፣ የአፍሪካን የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር በ2002 ተቀብላለች። የአፍሪካው ቻርተር ለቱሪስት ከተሞች ቅርብ የሆነ አንድ ጉዳይ ይዟል፤ በአንቀጽ 29 ሕፃናትን በማንኛውም መልክ ለልመና መጠቀምን እንዲከላከሉ መንግሥታትን ያስገድዳል።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለ ልጅ ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድርጊትን ከ3 እስከ 15 ዓመት፣ ልጁ ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በሰው የመነገድ ወንጀልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሕፃናትን ለብዝበዛ የሚመለምሉ፣ የሚያጓጉዙና የሚያስጠጉ ሰዎችን ይቀጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣት ሠራተኞችም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ እንዲሁም በሳምንት ዕረፍትና በሕዝብ በዓላት ቀን እንዳይሠሩ ያግዳል።

የመጨረሻው ድንጋጌ ለሆቴሎች ትልቅ ትርጉም አለው። የገና ሌሊት ሰሃን የምታጥበው፣ የጥምቀት ዕለት አልጋ የምታነጥፈው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በሕጉ መሠረት በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ መሆን የለባትም። ነገር ግን አዋጁ የሚገዛው የቅጥር ግንኙነትን ነው። ቆሎና ማስቲካ የሚያዞረው፣ ጫማ የሚጠርገው፣ እንግዳው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ያወለቀውን ጫማ የሚጠብቀው፣ ያለ ፈቃድ መንገድ የሚመራው ልጅ አሠሪ የለውም። አሠሪ ከሌለ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ የሚጠይቀው ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት ከሆኑ የኢትዮጵያ ሕፃናት ውስጥ 42.7 በመቶ የሚሆኑት በሕፃናት ጉልበት ሥራ ላይ እንደሚገኙ ሲያመለክት፣ አብዛኞቹ የሚሠሩት ለቤተሰባቸው ያለ ክፍያ ነበር። ይህን ክፍተት የፌዴራል ሕግ ብቻውን አይዘጋውም። የሚዘጋው የልጁን ቤት የሚያውቅ አስተዳደር ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ መደንገጉም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በክልላችን ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በጀትና ውሳኔ ወደ ወረዳ እንዲወርድ ተደርጓል። ስለሆነም የአካባቢ አስተዳደር የበላይ አካል መመሪያ እስኪልክለት መጠበቅ የለበትም።

ልጁን በስሙ የሚያውቅ መዋቅር

በሚኒስቴር ደረጃ የተዘጋጀ ሰነድ ስለ «ተጋላጭ ሕፃናት» ይናገራል። ቀበሌ ግን ስለ አንዲት ልጅ ሊናገር ይችላል፤ አባቷ መቼ እንደሞተ፣ ከአክስቷ ጋር ለምን እንደምትኖር፣ ከመቼ ጀምሮ ከትምህርት ቤት እንደቀረች ያውቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ትዞራለች። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር የቀሪ መዝገብ ይዟል። የዕድሩ ዳኛ የትኛው ቤት ልቅሶ እንደገባ፣ ማን ያለ አሳዳጊ እንደቀረ ከማንም አስቀድሞ ይሰማል። የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አባሉ በምሽት የትኛው አልጋ ቤት በር ላይ ልጆች እንደሚቆሙ ያያል። መረጃው አለ ማለት ነው። የጎደለው እነዚህን አራት ሰዎች በወር አንድ ቀን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያስቀምጥ አስተዳዳሪ ነው።

ከሁሉም በፊት የልደት ምዝገባ ይመጣል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ ቁጥር ከቱሪዝም ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ካለ፣ መልሱ ቀላል ነው። ዕድሜ ካልተረጋገጠ የሕግ ጥበቃ ሁሉ ይላላል። ቀጣሪው «አሥራ ስምንት ሞልቷታል ብላኛለች» ይላል። ተከሳሹ ልጅ መሆኗን አላወቅሁም ብሎ ይከራከራል። ፍርድ ቤቱ የሐኪም ግምት እስኪቀርብለት መዝገቡን ይቀጥራል፤ በዚያ መካከል እንግዳው ወደ አገሩ ይመለሳል። የቀበሌው የክብር መዝገብ ሹም የሚጽፋት አንዲት መስመር ከብዙ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ የበለጠ ልጅን ትጠብቃለች።

«ስፖንሰር» የሚባለው ነገር

በቱሪስት ከተሞቻችን ከሁሉም ይበልጥ ሥር የሰደደውና ለመናገርም የሚከብደው የግል ረዳት ጉዳይ ነው። እንግዳው ከልጁ ጋር ይተዋወቃል፤ አድራሻ ይለዋወጣሉ፤ ከአገሩ ገንዘብ መላክ ይጀምራል። በዚህ መንገድ ተምረው ለቁም ነገር የበቁ ወጣቶች መኖራቸው እውነት ነው። ወላጆችም ተስፋ ቢያደርጉ አይፈረድባቸውም፤ መሬቱ የጠበበ፣ ቤቱ የተራቆተ ሰው ለልጁ የተከፈተ በር ሲያይ አይዘጋውም።

ችግሩ ይህ ተስፋ የልጅነትን ሥራ መለወጡ ላይ ነው። ጎዳና ላይ ቆሞ ባዕድ ሰውን መወዳጀት ከትምህርት የተሻለ የሚያዋጣ ሙያ ይመስላል። ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ረዳት አያገኝም፤ የሚያገኘው ከክፍል የቀረው ነው። ስለዚህ «ልጁ እንዲማር» ተብሎ የሚሰጠው ገንዘብ ሌሎች አሥር ልጆችን ከትምህርት ገበታ ያወጣል። ማታለልም ይከተላል። እንግዳው ለልጁ መዝገበ ቃላት ከሱቅ ይገዛለታል፤ እንግዳው ሲሄድ መጽሐፉ ወደ ሱቁ ይመለስና ዋጋው ለሁለት ይከፈላል። ከዚህ ልጁ የሚማረውን ትምህርት ማንም ወላጅ አይመኝለትም።

ከዚህም የሚከፋ አለ። የግል ረዳትነት አንድን አዋቂ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ማንም በማያየው ግንኙነት ያስተሳስራል። ገንዘብ ስለሚልክ ቤተሰቡ እምቢ ለማለት ይቸገራል፤ ልጁም የደረሰበትን ነገር ለመናገር ያፍራል፤ ቤተሰቡ እንዳይራብም ይሠጋል። አብዛኛው ለጋሽ ቅን ሰው ነው። ሥርዓት የሚሠራው ግን ቅን ላልሆነው ነው።

የአካባቢ አስተዳደር ልግስናን መከልከል አይችልም፤ መከልከልም የለበትም። የሚችለው መንገዱን ማስለወጥ ነው። ከእጅ ወደ እጅ የሚሰጠው ስጦታ በትምህርት ቤት ወይም ወላጆች፣ መምህራንና የሃይማኖት አባቶች በተወከሉበት የታወቀ የሕፃናት ፈንድ በኩል እንዲሄድ፣ ተጠቃሚዎቹም በፍላጎታቸው ክብደት እንጂ በጎዳና ላይ በመገኘታቸው እንዳይመረጡ ማድረግ ይቻላል። ይህን ሐሳብ ብዙ ከተሞች በስብሰባ ላይ ያነሡታል። በዚህ ጸሐፊ እምነት የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፤ ሒሳቡ በይፋ አይገለጽም። ገንዘቡ የት እንደደረሰ በሆቴሎች ሰሌዳ ላይ በየሩብ ዓመቱ ካልተለጠፈ፣ አስጎብኚው ራሱ እንግዳውን «ለልጁ በእጁ ስጠው» ይለዋል፤ አይፈረድበትም።

አስጎብኚው በዚህ ጉዳይ ቁልፍ ሰው ነው። እንግዳው ስለ አካባቢው የሚያውቀውን ሁሉ ከእርሱ ይሰማል። የአስጎብኚነት ፈቃድ ሲሰጥና ሲታደስ የሕፃናት ጥበቃ የሥነ ምግባር ደንብን መፈረም ቅድመ ሁኔታ ቢሆን፣ ጉብኝቱ ሲጀመር ሁለት ደቂቃ ያህል «ለልጆች በእጅ ገንዘብ አይስጡ፤ ወላጅ ሳይፈቅድ ፎቶግራፍ አያንሡ» ማለት ግዴታ ቢደረግ፣ ወጪው ከዜሮ ብዙ አይርቅም።

አልጋ ቤቶችና የዝምታ ወጪ

ሕፃናትን በወሲብ የሚበዘብዝ ተጓዥ ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት የውጭ አገር ሰውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው በጉዞና ቱሪዝም ውስጥ የሕፃናት ወሲባዊ ብዝበዛን የሚመለከት ዓለም አቀፍ ጥናት ይህን ሥዕል አርሟል። ወንጀሉን ከሚፈጽሙት ውስጥ የአገር ውስጥና የጎረቤት አገር ተጓዦች ብዙ መሆናቸውን፣ ሌላው ቀርቶ አስቀድሞ አስቦ የሚመጣው ሳይሆን አጋጣሚውን ያገኘው እንደሚበዛ አስረድቷል። ስለዚህ ጥያቄው ለስብሰባ የመጣውን፣ ለሥራ የተላከውን፣ ጭነት አድርሶ የሚያድረውን የራሳችንን ሰው ይመለከታል። መወያየት የሚከብደንም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ሆቴሎች በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ በብዙ አገሮች የሚሠራበት ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር ደንብ አላቸው። ሠራተኛን ማሠልጠን፣ ከአቅራቢዎች ጋር በሚደረግ ውል ውስጥ ብዝበዛን የሚከለክል አንቀጽ ማስገባት፣ ለእንግዶች መረጃ መስጠት፣ በየዓመቱ ሪፖርት ማድረግ ከይዘቶቹ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ትልልቅ ሆቴሎች ይህን በራሳቸው ሊፈጽሙት ይችላሉ። የአካባቢ አስተዳደር ዓይን መድረስ ያለበት ግን በመናኸሪያ አካባቢ ያሉ፣ በሰዓት የሚያከራዩ አልጋ ቤቶች ዘንድ ነው። የንግድ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚያድሰው አስተዳደሩ ነው። የእንግዳ መዝገብ በአግባቡ መያዙን፣ ከአዋቂ ጋር የመጣ ልጅ ማንነትና ዝምድና መጠየቁን፣ የእንግዳ ተቀባዩ ጥርጣሬ ሲያድርበት ለማን እንደሚደውል ማወቁን የፈቃድ እድሳት መስፈርት ማድረግ በእጁ ነው።

የእንግዳ ተቀባዩ ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ብዙ ጊዜ ራሱ ወጣት ነው፤ ደመወዙ አነስተኛ ነው፤ «ከእንግዳ ጋር ተጣላህ» ተብሎ ሊባረር ይችላል። ጥቆማ የሚሰጥ ሠራተኛ ከሥራው እንዳይፈናቀል የሚከላከልለት ከሌለ በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማስጠንቀቂያ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ልጃገረዶቹ ወደ እነዚህ ቤቶች እንዴት እንደሚደርሱ ማየትም የአስተዳደሩ ሥራ ነው። ከገጠር ወረዳዎች ያለዕድሜ ጋብቻን ሸሽተው ወደ ከተማ የሚመጡ አሉ። መናኸሪያ ላይ ሲወርዱ መጀመሪያ የሚያገኛቸው ደላላ ነው። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ከደላላው ቀድማ ከደረሰች የልጅቷ ዕጣ ሌላ ይሆናል።

የሕፃናት ማሳደጊያን መጎብኘት

ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 የፌዴራሉን የቤተሰብ ሕግ በማሻሻል የውጭ ጉዲፈቻን አስቀርታለች። ውሳኔው ልጆች በአገራቸው፣ በዘመድ፣ በአደራ ቤተሰብ ወይም በአገር ውስጥ ጉዲፈቻ እንዲያድጉ የታሰበበት ነው። ይሁንና የሕፃናት ማሳደጊያዎችን እንደ ጉብኝት መዳረሻ የማየት ልማድ በቱሪስት አገሮች ሁሉ ያለ ፈተና ሆኗል። በአንኮር ቤተ መቅደሶቿ የምትታወቀው ካምቦዲያ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ናት። በዚያ ጎብኚው ሲበዛ ማሳደጊያዎች በዙ፤ በውስጣቸው ካሉት ልጆች ከአራቱ ሦስቱ ያህሉ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት ያላቸው ሆነው ተገኙ። ልጆቹ ከቤት የወጡት ለጋሽ ስለመጣ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወላጅ እንክብካቤ የሌላቸውን ሕፃናት በሚመለከት ባወጣው ውሳኔ አገሮች ይህ ዓይነቱ አሠራር የሚያስከትለውን ጉዳት እንዲከላከሉ ጠይቋል። በእኛ ዘንድ ወረዳው ማሳደጊያዎችን በሚከታተልበት ጊዜ «የመጡት እንግዶች እነማን ነበሩ? ከልጆቹ ጋር ብቻቸውን ቆይተዋል?» የሚሉ ጥያቄዎችን መጨመር ይኖርበታል።

የአብነት ተማሪዎች

አንድ ጉዳይ ግን ከሌሎች ሁሉ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። በላሊበላ፣ በጎንደርና በጣና ገዳማት ዙሪያ ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ ይዘው «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚሉ የቆሎ ተማሪዎች ከጥንት ጀምሮ አሉ። ልመናቸው የትምህርቱ ሥርዓት አካል ነው፤ ቅኔውን፣ ዜማውን፣ ቅዳሴውን ያቆየው ይህ ትምህርት ነው። እነርሱን ከቱሪስት ተከታይ ልጆች ጋር ደምሮ «የልመና ችግር» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። በአንጻሩ ደግሞ «ሥርዓት ነው» በሚል ሽፋን ከቤተሰባቸው ርቀው በጎጆ የሚያድሩ ትንንሽ ልጆችን ጤና፣ ንጽሕናና ደኅንነት ከጥበቃ ውጭ መተው ተገቢ አይደለም። ሌሎች ልጆችም አልባሳቱን ለብሰው ካሜራ ፊት እየቆሙ ገንዘብ ሲቀበሉ ልዩነቱ ይደበዝዛል። መፍትሔው ከየኔታዎቹና ከአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ጋር መመካከር ነው፤ የአብነት ተማሪዎችን መዝግቦ የሚያውቀው እነርሱ ናቸው።

አፈሳ ጥበቃ አይደለም

ታላቅ በዓል ወይም ስብሰባ ሲቃረብ ከተማን «ለማጽዳት» ጎዳና ላይ ያሉ ልጆችን ሰብስቦ ከእንግዳ ዓይን ማራቅ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ለጥቂት ቀናት ጎዳናው ባዶ ይሆናል፤ ከበዓሉ በኋላ ልጆቹ ይመለሳሉ። በዚህ ውስጥ ሁለት ጉዳት አለ። አንደኛው በልጆቹ ላይ የሚደርሰው ነው። ሁለተኛው ግን ብዙም አይነገርለትም፤ ፖሊስን ሲያይ የሚሮጥ ልጅ፣ ሲደፈር ለፖሊስ አይናገርም።

የገናና የጥምቀት በዓላት በእርግጥ የተለየ ዝግጅት ይሻሉ። ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ በጎንደር የሚጠበቀው እንግዳ ጨምሯል። በእነዚያ ቀናት ከተማው ከአቅሙ በላይ ሰው ይይዛል፤ ቤቶች ለእንግዳ ይለቀቃሉ፤ የቤቱ ልጆች በጎረቤት ወይም በማድ ቤት ያድራሉ፤ በሕዝቡ መካከል ልጅ ይጠፋል። የበዓሉ አስተባባሪ ኮሚቴ የጸጥታ፣ የመስተንግዶና የጤና ንዑሳን ኮሚቴዎችን እንደሚያዋቅር ሁሉ፣ የጠፋ ልጅ የሚያርፍበትን ቦታ፣ የሚረከበውን ባለሙያና ለወላጅ የሚያስረክብበትን መንገድ አስቀድሞ መወሰን ይችላል።

ሁለት ጽሕፈት ቤቶች፣ ሁለት ዕቅዶች

በወረዳና በከተማ ደረጃ ቱሪዝምን የሚመራው ጽሕፈት ቤት ሌላ ነው፤ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሪፖርት የሚያደርገው ለቱሪዝም ቢሮ፣ ሁለተኛው ለራሱ ቢሮ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት በካቢኔ ስብሰባ ላይ ሲሆን፣ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሕፃናት ጉዳይ ብዙ ጊዜ ከአጀንዳው መጨረሻ ይሆናል። አዲስ ሎጅ ሲፈቀድ፣ መንገድ ሲከፈት፣ መንደር ሲነሣ የሁለተኛው ጽሕፈት ቤት አስተያየት ይጠየቅ ቢባል ብዙ ጉዳት አስቀድሞ ይታያል። ለምሳሌ የሰሜን ተራሮችን ሥነ ምኅዳር ለማዳን የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ለፓርኩ ጥቅም ነበረው። ይህን የመሰለ ውሳኔ ግን ለልጆች የራሱ ትርጉም አለው፤ ትናንት በተራራ ላይ እረኛ የነበረ ልጅ በአንድ ጊዜ የከተማ ልጅ ይሆናል፤ ትምህርት ቤት ይቀርበዋል፤ ጎዳናውም እንዲሁ ይቀርበዋል።

የገንዘብ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። የወረዳ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል። በላሊበላ የአብያተ ክርስቲያናቱ የመግቢያ ክፍያ የሚሰበሰበው በቤተ ክርስቲያን በኩል ነው፤ የከተማ አስተዳደሩ የሚያገኘው ከግብር፣ ከፈቃድና ከአገልግሎት ክፍያ ነው። ስለዚህ ለሕፃናት ጥበቃ የሚሆን ገንዘብ ከአንድ ምንጭ አይገኝም፤ አስተዳደሩ፣ ቤተ ክርስቲያኗ፣ የሆቴል ባለንብረቶችና የአስጎብኚዎች ማኅበር በስምምነት የሚያዋጡት መሆን አለበት። የሴፍቲ ኔት ፕሮግራም ባለበት ከተማ ደግሞ ልጆቻቸው ጎዳና ላይ የሚውሉ ቤተሰቦች በተጠቃሚነት ልየታ ወቅት ተለይተው እንዲታዩ ማድረግ ይቻላል። ልጁ የሚያመጣው ሳንቲም ለቤቱ ራት ከሆነ፣ ያንን ራት ሳይተኩ ልጁን ክፍል ግባ ማለት አይሠራም።

ጎብኚው ሲቀርና ሲመለስ

ያለፉት ዓመታት የቱሪስት ከተሞቻችንን ክፉኛ ፈትነዋል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በሮችን ዘጋ። ከዚያ ጦርነቱ ተከተለ፤ በ2014 ዓ.ም. ከላሊበላ የተፈናቀሉ፣ ንብረታቸው የወደመባቸው ብዙ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ የተከሠተው የጸጥታ ችግር ጎብኚን አርቋል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችንም ዘግቷል። አስጎብኚው፣ የበቅሎ አከራዩ፣ የእጅ ሥራ ሻጯ፣ የሆቴል አስተናጋጁ በአንድ ጊዜ ገቢ አጥተዋል። የእነዚህ ቤተሰቦች ልጆች ጎብኚው በበዛበት ዘመን ከነበሩት ይልቅ ዛሬ የተጋለጡ ናቸው፤ ትምህርታቸው ተቋርጧል፤ ቤታቸው ተራቁቷል።

የመጀመሪያው አውሮፕላን ጎብኚ ይዞ ሲመለስ ሁሉም ይደሰታል። ከሁሉም ቀድሞ የሚቀበለው ግን ያ ለዓመታት ትምህርት የተቋረጠበት ልጅ ነው። የአስጎብኚዎችን ደንብ፣ የአልጋ ቤቶችን መስፈርት፣ የትምህርት ቤቱን ፈንድ ለማዘጋጀት የሚመቸው ገበያው በቀዘቀዘበት በዚህ ጊዜ ነው፤ ገበያው ከደመቀ በኋላ የሚወጣ መመሪያ ጥቅማቸው ከተነካባቸው ሁሉ ጋር መጋፋት ይኖርበታል።

የወቅቶቹን አቀማመጥም ልብ ይሏል። የአገራችን የጉብኝት ወቅት የሚደምቀው ከመስከረም እስከ ጥር ነው፤ መስቀል፣ ገናና ጥምቀት በዚያ ውስጥ ይውላሉ። ይህ በትክክል የትምህርት ዘመኑ የመጀመሪያ መንፈቅ ነው። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ክረምት ዝናቡ ጎብኚውን ያስቀራል። ስለዚህ በቱሪዝም ላይ የተሰማራ ልጅ የሚሠራባቸው ቀናት ከትምህርቱ ላይ የሚቀነሱ ናቸው። የከተማ አስተዳደሩ ይህን ለመከታተል አዲስ ጥናት አያስፈልገውም። በየትምህርት ቤቱ የተቀመጠውን የቀሪ መዝገብ አውጥቶ የኅዳርን ሁለተኛ ሳምንት ከገና በፊት ካለው ሳምንት ጋር፣ በቱሪስት መንገድ ዳር ያለውን ትምህርት ቤት ከመንገዱ ከራቀው ጋር ማነጻጸር ይበቃል። ልዩነቱ በክፍል፣ በዕድሜና በጾታ ተለይቶ በቱሪዝም ሪፖርቱ ውስጥ፣ ከጎብኚው ቁጥር ቀጥሎ ባለው ዐምድ ሊሰፍር ይችላል።